እንፋሎቱ በየት ይውጣ?

በለንደን ክረምት፣ ውርጭ ባደረበት ጠዋት፣ ከአንድ አሮጌ ሰፈር መንገድ ላይ ቆሞ ወደ ጣሪያዎቹ ቀና ያለ ሰው የየቤቱን ገመና ማየት ይችላል። ግድግዳ ተጋርተው ከተደረደሩት ቤቶች የአንደኛው ሸክላ ዱቄት እንደተነሰነሰበት ነጭ ሆኖ አድሯል። የጎረቤቱ ግን ውርጩ ቀልጦ እርጥብና ጥቁር ነው። ነጩ ቤት ሙቀቱን ኮርኒሱ ሥር ይዞ ያደረ ነው። ጥቁሩ ሌሊቱን ሙሉ ጋዝ እያነደደ ሰማይ ሲያሞቅ ነግቶበታል።

በእንግሊዝ አገር ከአምስት ቤት አንዱ ያህል እ.ኤ.አ. ከ1919 በፊት የተሠራ ነው። በለንደን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም እንዲህ ባሉ ቤቶች ተከራይተው ወይም በባንክ ብድር ገዝተው ይኖራሉ። የጋዙ ሒሳብ ሲመጣ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጣሪያው ሥር ምን ይነጠፍ? ሻጩ ስለ ውፍረትና ስለ ዋጋ ይነግራል። አሮጌ የሸክላ ጣሪያ ላለው ቤት ግን ከሁለቱም መቅደም ያለበት ጥያቄ አለ። ከታች የሚወጣው እንፋሎት በየት ይውጣ?

ጥያቄው የሚገባው ጣሪያው ሲሠራ እንዴት እንደታሰበ ለሚያውቅ ነው። ለንደን ድሮ በሣር የተከደነች ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1212 ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ የተነሳው ታላቅ ቃጠሎ ብዙ ሕይወትና ንብረት ካጠፋ በኋላ አዲስ ቤት በሣር መክደን ተከለከለ፤ ሸክላም የከተማው ክዳን እየሆነ መጣ። በ1477 ደግሞ በንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ ዘመን የሸክላው መጠን በሕግ ተወሰነ። ርዝመቱ 10 ተኩል ኢንች፣ ወርዱ ከ6 ኢንች ጥቂት ያለፈ ነበር። ዛሬ በእንግሊዝ የሚሸጠው ጠፍጣፋ የጣሪያ ሸክላ 265 በ165 ሚሊ ሜትር ነው። ከ500 ዓመት በኋላም መጠኑ ያው ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ለመክደን 60 ያህል እንዲህ ያለ ሸክላ ይደረደራል። በየሸክላው መካከል ነፋስ የምታልፍበት ቀጭን ክፍተት አለች። በድሮው አሠራር ከሸክላው ሥር ምንም አይዘረጋም ነበር፤ ቢበዛ የሸክላው ጠርዝ ከውስጥ በኖራ ይለሰናል። ሬንጅ የጠጣ ጨርቅ ከሸክላው ሥር መዘርጋት የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው። ስለዚህ በአሮጌ ጣሪያ ሥር ቀን የገባ ሰው በየቦታው የብርሃን ነጠብጣብ ያያል፤ ነፋሱም ፊቱን ይዳብሰዋል። ዝናብ በነፋስ ተገፍቶ ጥቂት ቢገባ፣ ያው ነፋስ መልሶ ያደርቀዋል። ወራጆቹ መቶ ዓመት ተሻግረው እንደ ደረቁ የቆዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ጎጆው የጭስ መውጫ አልተሠራለትም፤ ጭሱ ግን በሣሩ መሐል ለመሐል ተጣርቶ ይወጣል። ክዳኑ ዝናቡን እየመለሰ የውስጡን ያስወጣል። የእንግሊዙ የሸክላ ጣሪያ በሌላ ቁስ የተሠራ ቢሆንም ጠባዩ የዚያው ዘመድ ነው።

በእርግጥ እንዲህ የሚተነፍስ ጣሪያ ሙቀት አይይዝም። ምንም ያልተነጠፈበት አሮጌ ጣሪያ በየካሬ ሜትሩ፣ ለእያንዳንዱ የዲግሪ ልዩነት 2.3 ዋት ያህል ያሳልፋል። የኮርኒሱ ስፋት 50 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ውስጡ 20 ዲግሪ ውጭው ዜሮ ሲሆን 2,300 ዋት ይወጣል። ይህም ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፋ የሚያድር ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ማለት ነው። በዚያው ኮርኒስ ላይ 100 ሚሊ ሜትር የመስታወት ሱፍ ቢነጠፍ ብክነቱ ወደ 400 ዋት ገደማ ይወርዳል። በአገሩ የሚመከረው 270 ሚሊ ሜትር ሲሞላ ደግሞ ወደ 160 ዋት ይደርሳል፤ የሦስት የድሮ አምፖል ያህል ነው። ከቁጥሮቹ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ትልቁን ሥራ የሚሠራው የመጀመሪያው 100 ሚሊ ሜትር ነው። አቅሙ ያነሰ ቤተሰብ 270ው አልሞላልኝም ብሎ ባዶውን ከሚተወው በትንሹም ቢሆን ቢጀምር ብዙ ያተርፋል።

አሁን ወደ እንፋሎቱ። አራት ሰው የሚኖርበት ቤት በመተንፈስ፣ በማብሰል፣ ገላ በመታጠብና ልብስ በማስጣት በቀን 10 ሊትር ገደማ ውኃ ወደ አየሩ ይለቃል። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገርበት ቀን ሲሆን ደግሞ አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣውን ደመና መገመት አያዳግትም። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ መሸከም ይችላል። ዜሮ ዲግሪ ላይ የሚሸከመው 5 ግራም እንኳ አይሞላም። ሞቃቱ አየር በኮርኒሱ ቀዳዳ ሾልኮ ቀዝቃዛው ጣሪያ ሥር ሲደርስ ትርፉን ውኃ የትም ይዞት አይሄድም፤ እንጨቱና ምስማሩ ላይ ጤዛ አድርጎ ይጥለዋል።

ኢንሱሌሽን የሚባለው ሙቀት ጠባቂ ንጣፍ ከመነጠፉ በፊት ከታች ያመለጠው ሙቀት ጣሪያውን ስለሚያሞቀው ጤዛው ያን ያህል አይበረታም ነበር። ከተነጠፈ በኋላ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍት፣ በዚያ አገር ሎፍት የሚሉት፣ እንደ ውጭው ይቀዘቅዛል። ይህ የሚፈለግ ነገር ነው፤ ሙቀቱ ታች ቀርቷል ማለት ነውና። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የነፋሱ መግቢያ ከተደፈነ ጤዛው የሚያደርቀው ያጣል። እንጨት በውስጡ የያዘው እርጥበት ከክብደቱ 20 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታና መበስበስ ይጀምሩታል፤ ነቀዝም ይወደዋል። ጋዝ ለመቆጠብ የተደረገ ሥራ በጥቂት ዓመታት ወራጅ የሚያስቀይረው በዚህ መንገድ ነው።

ለዚህ ነው በአሮጌ የሸክላ ጣሪያ ቤት፣ ሎፍቱ መኝታ ካልሆነ በቀር፣ ኢንሱሌሽኑን ወራጆቹ መሐል ከመስቀል ይልቅ ኮርኒሱ ላይ መንጠፍ የሚሻለው። ዋጋው ይረክሳል፣ ጣሪያው እንደ ጥንቱ ይተነፍሳል፣ ሸክላ ሲሰበርም ከውስጥ ማየት ይቻላል። አሠራሩም አያደናግርም። የመጀመሪያው ንጣፍ ኮርኒሱን በያዙት አግዳሚ እንጨቶች መካከል ይገባል፤ በአሮጌ ቤት የእነዚህ እንጨቶች ቁመት አብዛኛውን ጊዜ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው 170 ሚሊ ሜትር በእንጨቶቹ ላይ ተሻግሮ ይነጠፋል።

ስህተቱ የሚሠራው ዳር ላይ ነው። ሠራተኛው ሱፉን ጣሪያው ከግድግዳው እስከሚገናኝበት ጥግ ድረስ ይጠቀጥቀዋል፤ ሥራው የሞላ ይመስላል። ነፋስ የሚገባው ግን በዚያ ጥግ፣ ከአሸንዳው በላይ ባለው ክፍተት ነበር። ጥግ ጥጉን ለአየር መተው፣ አለዚያም ክፍተቱን የሚጠብቅ ቀጭን የፕላስቲክ መተላለፊያ ማስገባት የግድ ነው። ሁለተኛው ስህተት የመታጠቢያ ቤቱ የአየር ማስወጫ ቱቦ ሎፍቱ ውስጥ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ነው። ይህም የገላ መታጠቢያውን እንፋሎት በሙሉ ወራጆቹ ላይ ማፍሰስ ማለት ነው። ቱቦው ውጭ ድረስ መድረስ አለበት፤ ምጣድ የሚጣድበት ኩሽናም እንዲሁ ወደ ውጭ የሚያወጣ ማስወጫ ያስፈልገዋል። በቱቦዎችና በመብራት ሽቦዎች ዙሪያ ያሉ ቀዳዳዎች፣ ከሁሉም በላይ የሎፍቱ መውጫ በር፣ ተደፍነው አየር እንዳያሳልፉ ቢደረግ እንፋሎቱ ከምንጩ ይቀንሳል።

ሎፍቱ ሲቀዘቅዝ ውኃውም ይቀዘቅዛል። በዚያ የተቀመጠ የውኃ ታንከርና ቱቦ መጠቅለል አለበት፤ ከታንከሩ ሥር ግን ምንም ባይነጠፍ ይመረጣል፤ ከታች የሚመጣው ጥቂት ሙቀት በረዶ እንዳይሆን ይረዳዋልና። ኮርኒሱ ውስጥ የተቀበሩ አምፖሎች ላይ ሱፍ መድፋት እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ለዚሁ የተሠራ ክዳን ይደረግባቸዋል። የኤሌክትሪክ ገመድም ከሱፍ ሥር ሲቀበር ሙቀቱ ስለማይወጣለት ከንጣፉ በላይ ማውጣቱ ይሻላል። የቪክቶሪያ ዘመን ኮርኒስ በቀጫጭን እንጨት ላይ የተለሰነ ኖራ መሆኑም አይዘንጋ። እግሩን ከአግዳሚው እንጨት ያንሸራተተ ሰው መኝታ ቤት ውስጥ ይወርዳል።

የቁሱ ምርጫ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ለኮርኒስ ንጣፍ የመስታወት ሱፍ ወይም የድንጋይ ሱፍ በዋጋው የሚወዳደረው የለም፤ እሳትም አይነሳበትም። ሲነጠፍ ቆዳ ያሳክካል፣ ብናኙም ጉሮሮ ይይዛል፤ ጭምብልና ጓንት ያስፈልጋል። የበግ ሱፍ፣ የእንጨት ቃጫና ከአሮጌ ጋዜጣ የሚፈጨው የወረቀት ሱፍ ሙቀት በመያዝ ከመስታወቱ ሱፍ ብዙም አይራራቁም። ዋጋቸው ግን ይወደዳል። የሚከፈልላቸው ከእርጥበት ጋር ስላላቸው ስምምነት ነው። የበግ ሱፍ ከራሱ ክብደት አንድ ሦስተኛ ያህል እርጥበት መጥጦ ሲነኩት ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ መልሶ ይለቀዋል። ብል እንዳይበላው በመድኃኒት መታከሙን መጠየቅ ይገባል። ጤዛ አልፎ አልፎ በሚታይበት ሎፍት፣ ነፋሱም በሚገባ ሊስተካከል በማይችልበት ቤት፣ የዋጋው ልዩነት የሚያስቆጭ አይደለም።

ሎፍቱ መኝታ ክፍል ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ኢንሱሌሽኑ ወደ ወራጆቹ መውጣት አለበት፤ የአሮጌ ቤት ወራጅ ደግሞ ቁመቱ ብዙ ጊዜ 100 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ሬንጅ ጨርቅ የተዘረጋበት ጣሪያ ሲሆን ከጨርቁ ሥር 50 ሚሊ ሜትር ለአየር ይተዋል። ለሙቀት ጠባቂው የሚቀረው 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከወራጁ ሥር ሌላ ንብርብር ይታከላል፤ ክፍሉም በዚያው ልክ ይጠባል። በዚህ ጠባብ ቦታ ፒ.አይ.አር. የሚባለው ጠንካራ የፎም ሰሌዳ ተመራጭ የሆነው በሚሊ ሜትር ሲለካ ከሱፉ እጥፍ ያህል ሙቀት ስለሚያግድ ነው።

ሰሌዳው የሚሠራው ግን እንጨቱ ቀጥ ብሎ ሲገኝ ነው። የመቶ ሃያ ዓመት ወራጅ ጎብጧል፣ ተጣሟል፣ በሁለት ወራጆች መካከል ያለው ርቀትም ከላይና ከታች አይገጥምም። ቀጥ ተብሎ የተቆረጠ ሰሌዳ በግራና በቀኝ ክፍተት ይተዋል፤ ሞቃቱ አየር በዚያ ሾልኮ ቀዝቃዛው ጀርባ ላይ ጤዛ ይሆናል። በእንጨት ቃጫ የተሠራ ለስላሳ ንጣፍ ግን ተጨምቆ ገብቶ የጎበጠውን እንጨት ተከትሎ ይሞላል። በየትኛውም ቁስ ቢሠራ በሞቃቱ በኩል፣ ማለትም ከክፍሉ ወገን፣ አየር የሚያግድ ሽፋን ተዘርግቶ መጋጠሚያው ሁሉ በቴፕ መታሸግ አለበት።

ሌላው ሚዛን በጋ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2022 በሊንከንሽር በምትገኘው ኮኒንግስቢ ሙቀቱ 40.3 ዲግሪ ደረሰ፤ በእንግሊዝ ታሪክ ከ40 ዲግሪ ያለፈበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ፀሐይ የመታው ሸክላ ከአየሩ እጅግ ይበልጥ ይግላል፤ ሥሩ የተኛም ሰው እንቅልፍ ያጣል። የፎም ሰሌዳ ቀላል ስለሆነ ሙቀቱን ይዞ የሚያቆይበት አቅም የለውም። ጥቅጥቅ ያለው የእንጨት ቃጫ ሰሌዳ በተመሳሳይ ውፍረት ከአራት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ የቀኑን ግለት ቀስ እያለ እየጠጣ ወደ ክፍሉ የሚደርስበትን ሰዓት ወደ ማታ ይገፋዋል። ማታ ደግሞ መስኮት ይከፈታል። ልጆች ሎፍት ውስጥ ለሚያድሩበት ቤት ይህ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከማትረፍ ይበልጣል።

ስለ እሳት መጠየቅ የማንንም ፈቃድ አይሻም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 በምዕራብ ለንደን የግሬንፌል ሕንፃ ሲቃጠል 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። እሳቱ የተዛመተው በሕንፃው ውጫዊ ሽፋን ሲሆን ከሽፋኑ ኋላ የነበረው የፎም ኢንሱሌሽንም ድርሻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የወጣው የመርማሪው ኮሚሽን የመጨረሻ ሪፖርት አምራቾች ስለ ዕቃዎቻቸው የእሳት ፈተና ሐቀኝነት የጎደለው መረጃ ማቅረባቸውን አስፍሯል። የአንድ ቤተሰብ ጣሪያ ከፎቅ ሕንፃ ግድግዳ ይለያል። ያም ሆኖ በጥቅሉ ላይ የተጻፈውን የእሳት ደረጃ ማየት የገዢው መብት ነው። የድንጋይና የመስታወት ሱፍ ብዙውን ጊዜ ኤ1 የሚባለውን፣ የማይቃጠል ደረጃ ይይዛል። የፎም ሰሌዳ ከዚያ ብዙ ዝቅ ይላል፤ በመሆኑም በጂፕሰም ሳይሸፈን መተው የለበትም።

አንድ ምርጫ ግን ለአሮጌ የሸክላ ጣሪያ ፈጽሞ አይመከርም፤ በመርጫ የሚነፋው ፎም ነው። ሻጮቹ በር እያንኳኩ፣ አብዛኛውን ጊዜ አረጋውያንን እያነጋገሩ፣ በአንድ ቀን ሁሉን ነገር እንደሚፈታ ይነግራሉ፦ ሙቀት ይይዛል፣ የላላ ሸክላ ያጣብቃል፣ ፍሳሽ ያቆማል። በብሪታንያ ሩብ ሚሊዮን ያህል ቤቶች ይህ ፎም እንዳለባቸው ይገመታል። ፎሙ ሸክላው ጀርባ ላይ ሲነፋ እንጨቱን፣ ማገሩንና ሸክላውን አንድ ላይ ይቀብራቸዋል። ነፋሱ ይቆማል፤ ከላይ የገባው ዝናብም ከታች የመጣው እንፋሎትም መውጫ ያጣል። ወራጁ ውስጥ ለውስጥ ቢበሰብስ ማንም አያየውም። ለባንክ ቤት የሚገመግመው ባለሙያም ያው ችግር ይገጥመዋል። ያላየውን እንጨት ደህና ነው ብሎ መፈረም አይችልም፤ ብዙ አበዳሪዎችም እንዲህ ባለ ቤት ላይ ብድር አይሰጡም። ባለቤቱ ቤቱን ለመሸጥ በተነሳበት ቀን ነው ይህን የሚሰማው። ፎሙን ማስፋቅ በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ያስወጣል፤ ሸክላው ተጣብቆ ከሆነ ደግሞ ጣሪያው እንዳለ መቀየር ሊኖርበት ይችላል። በጡረታ የሚኖር ሰው ያለ የሌለ ገንዘቡን ከፍሎበት ቤቱን የማይሸጥ ማድረጉ ያሳዝናል፤ በጊዜው የነገረው ሰው ቢኖር ይድን ነበርና።

ከዚህ ሁሉ በፊት ጣሪያው ራሱ ይታይ። የተሰበረ ሸክላ፣ የተዘጋ አሸንዳ፣ በጭስ መውጫው ዙሪያ የተላቀቀ ልስን ሳይጠገን ሱፍ መንጠፍ ፍሳሹን መደበቅ ነው። በለንደን ብዙ የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች መጀመሪያ የተከደኑት ከዌልስ በመጣ ስስ ድንጋይ ነበር፤ በኋላ ድንጋዩ ተነስቶ በሚከብድ የኮንክሪት ሸክላ የተተካባቸው አሉ። ጣሪያው መሐሉ ላይ ጎብጦ ከታየ መጀመሪያ የሚጠራው አናጢ ወይም መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት በብሪታንያ አስቤስቶስ ሙሉ በሙሉ አልታገደም ነበርና ሎፍቱ ውስጥ የድሮ ግራጫ ታንከር ወይም ቱቦ ካለ ሳይነካ ይመርመር። የሌሊት ወፍ ጎጆ ካደረገችበትም ሥራው ይቆማል፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀች ናት፤ ማደሪያዋን ማፍረስም ያስቀጣል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ በብሪታንያ ተቋራጭ የሚሠራው የኢንሱሌሽን ሥራ ዕቃውን ጨምሮ እ.ኤ.አ. እስከ መጋቢት 2027 መጨረሻ ተጨማሪ እሴት ታክስ አይከፈልበትም። ባለቤቱ ራሱ ከሱቅ ገዝቶ ቢነጥፍ ግን ታክሱን ይከፍላል።

ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ ብርዱ በጠናበት የመጀመሪያ ጠዋት ባትሪ ይዘው ወደ ሎፍት ይውጡ። ከሸክላው ሥር ወደ ውስጥ የወጡትን የምስማር ጫፎች ይንኩ፤ ጤዛ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ብረት ላይ ነው። ደረቅ ከሆኑ ጣሪያው እየተነፈሰ ነው። ጠብታ ካንጠለጠሉ ተቋራጩን ይጥሩ፤ ጥግ ጥጉ ተከፍቶ ምስማሩ እስኪደርቅ ድረስም የመጨረሻውን ክፍያ አይክፈሉ።